እትዬ አዜብና የጃንጥላው ድንኳን

እትዬ አዜብ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጄ ማክዳ ናት። አውቶቡሴን ዴፖ አስገብቼ ወደ ቤት ልነሳ ስል ደወለች። «አባ፣ እትዬ አዜብ…» አለች። የቀረውን መናገር አላስፈለጋትም። ሆስፒታል እንደተኙ አውቅ ነበር። ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት የሆስፒታሉን ሾርባ በማንኪያ እያማሰሉ «ይሄን ለተማሪ ባቀርብ ኖሮ በዚያው ቀን ያባርሩኝ ነበር» ሲሉ ትቻቸው ነው የወጣሁት። ምግብ እያማ ያለ ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።

ማክዳ አፍንጫዋን ጠራርጋ ቀጠለች። «ድንኳኑን እናወጣዋለን» አለች። እያማከረችኝ አልነበረም።

ድንኳኑ ያኔ የነበረው መሀል ለንደን፣ አንድ ትልቅ ጋለሪ ውስጥ ነው። ዙሪያውን በገመድ ታጥሯል፤ አጠገቡ ጥቁር ልብስ የለበሰ ዘበኛ ቆሞ ጣቱን የዘረጋውን ሁሉ «እባክዎን አይንኩ» ይላል። ከዚያ ወጥቶ ወደ እኛ ሠፈር፣ ወደ ኤድመንተን ይመጣል ማለት ለሰሚ ቀልድ ነው። እትዬ አዜብን ለሚያውቅ ግን ቀልድ አይደለም። እኚህን ሴት ማወቄ ስለሚያኮራኝ ነገሩን ከመነሻው ላውራ።

እትዬ አዜብ አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ያሳለፉና በሱዳን በኩል እዚህ የደረሱ ሴት ነበሩ። ባል አልነበራቸውም፤ ልጅም አልወለዱም። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠፈሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ምሳ የሚያድሉት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ የአካባቢውን ወጣት የሚያውቁት በስሙ ብቻ ሳይሆን ሳህኑ ላይ ትቶት በሚሄደው ምግብ ነው። ሰው ፈርቶ መንገድ የሚቀይርለትን ረጅም ጎረምሳ አስቁመው፣ «አንተ፣ ካሮት ዛሬም አትበላም?» ይሉታል። ጎረምሳውም ኮፍያውን ከራሱ ላይ አውርዶ «አሁን እበላለሁ፣ ሚስ» ይላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሲናገሩ ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ወደፊት ይዘረጉታል። ጭልፋ የያዙ ነው የሚመስለው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ያ ጭልፋ ከእጃቸው አልወጣም፤ ሲቆጡ ይወዘውዙታል፣ ሲመርቁ ዝቅ ያደርጉታል። እኔ ሃምሳ ያለፈኝ ሰውዬ እንኳ እጃቸው ወደ እኔ ከዞረ ሳህን መፈለግ ያምረኝ ነበር።

አማርኛቸው ደግሞ ከአገር በወጡበት በደርግ ዘመን ላይ ቆሞ የቀረ ነው። የሕንፃዎቹን የነዋሪዎች ማኅበር «ቀበሌው» ይሉታል። ካውንስሉ «ከፍተኛው» ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ሚስተር ሮይ የሚባል፣ ከማዶው ሕንፃ የሚኖር፣ ቅዳሜም ከረባት የሚያስር ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነው። እሱን «ሊቀመንበሩ» ይሉታል። «ሊቀመንበሩ ዛሬ የቆሻሻ ገንዳ ሲቆጣጠር አየሁት» ሲሉኝ፣ ሚስተር ሮይን ካኪ ለብሶ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ብቻዬን እስቅ ነበር።

እንግዲህ ከጥቂት ዓመታት በፊት ካውንስሉ ሄለን የምትባል ወጣት አርቲስት ላከ። ከሠፈሩ ወጣቶች ጋር ሆና፣ ሰው ከጣለው ዕቃ የጥበብ ሥራ እንድትሠራ ነው። ከሕንፃችን ሥር ያለውን ባዶ ጋራዥ ሰጧት። ነገሩ ለብዙ ነዋሪ አልተዋጠለትም። በዚያው ሰሞን መጫወቻው ሜዳ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ተቃጥሎ፣ ማን እንዳቃጠለው ሳይታወቅ በወጣቶቹ ሁሉ ላይ ተላክኮ ነበር። የሚስተር ሮይ ማኅበርም በግድ ተስማማ፤ በጋው ሳያልቅ ሠፈሩ የሚያየው ነገር ካልወጣ ግን ጋራዡ ይቆለፋል አለ።

ልጆቹ የሚሰበስቡት ዕቃ አላጡም። ለንደን ነፋስና ዝናብ አብረው የመጡ ቀን፣ የየአውቶቡስ ማቆሚያው ቅርጫት በተገለበጠ ጃንጥላ ይሞላል። ሰዉ ሲሰበርበት ይሳደብና እዚያው ጠቅጥቆት ይሄዳል። እኔ ከመሪው ኋላ ሆኜ ይህን ስንት ዘመን ሳይ ከቆሻሻ በስተቀር ምንም ታይቶኝ አያውቅም። ልጆቹ እየሰበሰቡ ጋራዡን ሞሉት። ሄለን ከሽቦውና ከጨርቁ ትልቅ ወፍ ለመሥራት አሰበች። ከልጆቹ አንዷ የነበረችው ማክዳ የዚያን ሰሞን ቤት ስትመጣ ፊቷ አይፈታም ነበር። «አባ፣ ኢትስ ሶ ቦሪንግ፤ ማንም ወፍ አልፈለገም» ትለኛለች።

እትዬ አዜብ ማንም ሳይጠራቸው፣ የአስመራ ልጅ እንደሚሠራው አድርገው የሠሩትን ፓስታ በትልቅ ድስት ይዘው ጋራዡ ገቡ። መጀመሪያ ሁሉንም አበሉ። ከዚያ የጃንጥላውን ክምር ዞረው ዞረው አዩት።

«ይሄ ሁሉ ጨርቅ!» አሉ። «ወፍ ምን ያደርግላችኋል? ድንኳን ስፉ እንጂ!»

ማክዳ ተረጎመች። ጄይደን የሚባለው፣ ያ ካሮት የማይበላው ረጅም ልጅ፣ «ለካምፒንግ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የምን ካምፒንግ!» ጭልፋው ተወዛወዘ። «በኛ አገር ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲያገባ፣ ሠፈሩ ድንኳን ይተክላል። ያየ ሁሉ ይመጣል። ካርድ አይበተን፣ ጥሪ አይጠበቅ። ድንኳን ካለ መጥተህ ትቀመጣለህ፤ አበቃ።»

ጄይደን ትንሽ አሰበና «ማንም ሳይጠራው?» አለ። ማንም ሳይጠራው፣ አሉት። ማክዳ እንደነገረችኝ ወፏ የሞተችው በዚያች ደቂቃ ነው። ሄለን፣ እግዜር ይስጣት፣ የራሷን ሐሳብ ለመተው ቅር ያላት ለአንድ ቀን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልናገር። እትዬ አዜብ ስፌት አያውቁም። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ አይሆንላቸውም፤ ቀሚሳቸው ሲተረተር ወደ እኔ ሚስት ነበር የሚመጡት። ልጆቹ ስፌቱን የተማሩት ስልካቸው ላይ ቪዲዮ እያዩና ዋናው መንገድ ላይ ልብስ የሚያስተካክለውን ቱርካዊ እየለመኑ ነው። የእትዬ አዜብ ድርሻ ማስበላት፣ መቆጣትና ፍንክች አለማለት ነበር። አንድ ሕግ ብቻ አወጡ። ማንም ሰው አንድ ጃንጥላ ከመቅደዱ በፊት የት እንዳገኘው ጮክ ብሎ ይናገራል። «ዌምብሊ፣ ከስታዲየሙ በር፣ ጨዋታው በዝናብ ያለቀ ቀን።» «ዋይት ሲቲ፣ ከገበያ ማዕከሉ ውጪ፣ አንዲት ሴትዮ ወርውራው እያለቀሰች ሄደች።» ሌላው ሁሉ ይሰማል፤ ከዚያ መቀሱ ይነሳል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው፣ «መጥተው ዝም ብለው እንዳይቀድዱ ነው። ሲያወሩ ይተዋወቃሉ» አሉኝ።

ሥራውን ሁሉ «ኪነቱ» ይሉት ነበር። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አብረን ስንወጣ፣ ለምን በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ እንደሚደክሙ ጠየቅኳቸው። ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«እኔ ወጣት ሳለሁ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ» አሉ። «ድምፄ አያምርም። ከኋላ ሆኜ ነው የማጨበጭበው። ግን መድረክ ላይ ስንወጣ ሠፈሩ ያየናል፤ ‹የኛ ልጆች› ይለናል። እነዚህን ማን አያቸው? መንገድ የሚቀይርባቸው ሰው ብቻ! ሠፈሩ እንዲያያቸው ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ድንኳኑ ገና ግማሽ ላይ እያለ ልጆቹ አንድ ቅዳሜ ለሙከራ ሊያቆሙት ወሰኑ። ለንደን ሰው የሚይዘው በብዛት ጥቁር ጃንጥላ ነው፤ ቀድሞ ያለቀው ግማሽም ጥቁር በጥቁር ሆኖ ነበር። እሱን ከሕንፃችን ፊት ሣሩ ላይ፣ ልክ በእትዬ አዜብ መስኮት ትይዩ ተከሉት። እሳቸው ገበያ ወጥተዋል። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የሆነውን የነገረችኝ ማክዳ ናት።

በሠፈሩ ያለ ሐበሻ በየመስኮቱ ብቅ ብሎ ሲያይ ጥቁር ድንኳን ቆሟል። እዚያ ሕንፃ ላይ ደግሞ አንዲት ብቸኛ ሴትዮ ይኖራሉ። በሩ ሲንኳኳ አይከፈትም፣ ስልካቸው አይነሳም። ወሬው በስልክ ተዳረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች ውሃና ወንበር ተሸክመው መጡ። ንፍሮ መጣ። ከዌምብሊ ድረስ በባቡር የመጡ ነበሩ። «ወይኔ አዜቤ! ብቻሽን!» እያሉ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ያለቅሳሉ። ልጆቹ ገመድ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ጄይደን የሚያደርገው ቢጠፋው ወንበር መዘርጋት ጀመረ።

በዚህ መሀል እትዬ አዜብ የገበያ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ከማዶ ብቅ አሉ። ድንኳኑን አዩ፤ ለቅሶውን ሰሙ። ጋሪውን ጥለው፣ እንደ ደንቡ ገና ከሩቁ «ወየው! ወየው!» እያሉ ደረታቸውን ይዘው መጡ። ማን እንደሞተ ለመጠየቅ እንኳ አልቆሙም። እያለቀሱ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ከአንዷ ሴትዮ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። ሴትዮዋ ቀና ብላ ስታያቸው የለቀቀችውን ጩኸት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሕፃን ሰምቶ ነቃ ይባላል።

«ኧረ ማን ነው የሞተው?» አሉ እትዬ አዜብ እንባቸውን እየጠረጉ።

«እርስዎ!»

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ሣሩ ላይ ያልወደቀ ሰው አልነበረም።

ሳቁ ሳይበርድ ሚስተር ሮይ ከረባቱን እያስተካከለ መጣ። ድንኳን ለመትከል ፈቃድ እንዳላቸው ጠየቀ። እትዬ አዜብ እጁን ይዘው አስቀመጡትና በሳህን ንፍሮ ሰጡት። በዚያ የምሳ አዳራሽ እንግሊዝኛቸው፣ «ሚስተር ሮይ፣ በኛ ዘንድ ድንኳን የተተከለ ቀን ስለ ፈቃድ አይጠየቅም። ‹ማን ሞተ?› ተብሎ ነው የሚጠየቀው» አሉት። ሚስተር ሮይ ንፍሮውን ቀመሰ፣ አኘከ፣ አሰበ። «በሚቀጥለው ጊዜ እንደዚያ እጠይቃለሁ» አለ። ቀልዱን ይሁን ቁም ነገሩን አላወቅንም። ሳህኑን ግን ጨርሶ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ አዜብ ላገኙት ሁሉ «ንፍሮዬን በቁሜ በላሁት» እያሉ ያወሩ ነበር። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን አስመስሎ እንዳለቀሰ ሁሉን ይዘዋል። እኔን ደግሞ መውጫ መግቢያ አሳጡኝ። ሊፍት ውስጥ ባገኙኝ ቁጥር፣ «አንተ እኮ ለቅሶዬ ላይ አልነበርክም» ይሉኛል።

«ሥራ ላይ ነበርኩ፣ እትዬ።»

«አየህ? ሞቼ እንኳ ሺፍት አትቀይርልኝም።»

አንድ ነገር ግን ከንክኗቸው ነበር። «ሐበሻው መጣ» አሉኝ አንድ ቀን። «ሌላው በመስኮት አየና መጋረጃውን ዘጋ። ድንኳን አይቶ ማን ሞተ ብሎ የሚወጣ ሰው ሲኖር ነው ሠፈር የሚባለው። እኛ እዚህ ያለን ቤት ብቻ ነው።»

በጋው ሳያልቅ ድንኳኑ ተጠናቀቀ። ጥቁሩ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት ጨርቅ ተቀጠለበት። በሩ ላይ ማክዳ ሁለት ትልልቅ የእንቁራሪት ዓይኖች ያሉትን የሕፃን ጃንጥላ ሰፋችበት። አንዳንዱ ሰው ለቁም ነገር አይሆንም ብሎ ነበር፤ እትዬ አዜብ «ይቀመጥ፤ ልጅ የሌለበት ድንኳን አይቼ አላውቅም» አሉ። ሣሩ ላይ የቆመ ዕለት የሠፈሩ ሰው በየቋንቋው እያወራ ሥሩ በላ። ዝናብም መጣ፣ እንዴት ይቀራል! ልጆቹ አንገታቸውን ወደ ላይ አንጋጠው ስፌታቸውን ሲጠብቁ ያየሁትን አልረሳም። አንድም ጠብታ አልገባም። ጄይደን እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። አግዳሚው ወንበር የተቃጠለው በማን እንደሆነ ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም፤ ጋራዡም አልተቆለፈም።

የድንኳኑ ወሬ በሄለን በኩል ጋለሪው ደረሰ። ኃላፊዋ፣ ቀጠን ያለች ረጋ ያለች ሴት፣ ኤድመንተን ድረስ መጣች። ድንኳኑን ወደደችው። ወስደን ለሕዝብ እናሳየው፣ የልጆቹን ሁሉ ስም ግድግዳው ላይ እንጽፋለን አለች። ልጆቹ እርስ በርስ ተቃቀፉ። እኔም፣ ልጄ ናትና፣ ደረቴ ተነፋ።

«ጥሩ» አሉ እትዬ አዜብ። «ሠፈሩ ሲፈልገው ግን ይወጣል።»

ኃላፊዋ አልገባትም። እሳቸው አስረዱ። ሰው ሲሞት ወይም ሲያገባ ድንኳኑ ወደዚህ ይመጣል፤ ሲያልቅ ይመለሳል። ኃላፊዋ አንድ ሥራ ጋለሪ ከገባ በኋላ ዝናብ ላይ ማውጣት፣ ሥሩ ምግብ ማቅረብ የማይታሰብ መሆኑን በትሕትና ነገረቻቸው። እትዬ አዜብም የማይታሰብ ከሆነ አይሄድም አሉ፤ በትሕትና አልነበረም።

ጉዳዩ ለሳምንታት ተንጠለጠለ። ሄለን አለቀሰች። ማክዳ፣ ያቺ እንደ አያቷ የምታያቸው ልጅ፣ ፊታቸው ቆማ፣ «እትዬ፣ ፕሊስ! ዕድላችንን እያበላሹብን ነው!» ብላ ጮኸች። እኔም ወደ ቤታቸው ወጥቼ፣ ለልጆቹ ሲሉ እንዲለሳለሱ ለመንኳቸው። ሻርፓቸውን ጥብቅ አድርገው አሰሩ። ይህን ሲያደርጉ ነገር አለ ማለት ነው።

«ለልጆቹ ብዬ ነው እንጂ ለማን ነው?» አሉኝ። «ሰው የማይቀመጥበት ድንኳን ምን ድንኳን ነው? በገመድ ያጥሩትና ያልሠራው ሁሉ ያየዋል፤ የሠሩት ደግሞ አይንኩ ይባላሉ። የሠፈር ድንኳን ነው የሰፋችሁት ብያቸዋለሁ። ዋሽቼ ነው እንዴ?»

ያሉትን ለማክዳ ነገርኳት። በማግስቱ ልጆቹ ተሰብስበው ተነጋገሩ፤ ከዚያ ጄይደን ራሱ ስልክ አንስቶ ለኃላፊዋ፣ «ሚስ ያለችው የሁላችንም ቃል ነው» አላት። እትዬ አዜብ ይህን ሲሰሙ ያ ጭልፋ የያዘ እጃቸው ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።

ኃላፊዋ በመጨረሻ ተስማማች። «ለመሆኑ በየስንት ጊዜው ነው የምትፈልጉት?» ብላ ብትጠይቅ፣ እትዬ አዜብ «እሱን እግዜርን ጠይቂው» አሏት።

ጋለሪው ውስጥ ትርኢቱ በተከፈተ ዕለት ፎቶ ሊያነሷቸው ሲመጡ ብቻዬን አልነሳም አሉ። ልጆቹን በሙሉ በቁመት አሰለፉና ራሳቸው ከኋላ ቆመው አጨበጨቡ። ጄይደን በዚያ ሁሉ ባለ ሙሉ ልብስ ሰው ፊት ቆሞ ውሃ የማያሳልፍ ስፌት እንዴት እንደሚሰፋ አስረዳ። ከኋላ «ይሄ የኤድመንተን ኪነት ነው!» የሚል ጩኸት በአማርኛ ተሰማ። ያልገባው ሁሉ አጨበጨበ።

እንግዲህ ማክዳ እናወጣዋለን ያለችው ይህን ድንኳን ነው። ማክዳ ለጄይደን ደወለች፤ ጄይደን አሁን የቲያትር መድረክ የሚያቆም ድርጅት ውስጥ ይሠራል። እሱ ለኃላፊዋ ደወለ። ያ ስምምነት ተረስቶ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ኃላፊዋ «ማን ሞተ?» ብላ ጠየቀች፤ ነገራት። ቅዳሜ ጠዋት በመኪና ይዛው ራሷ መጣች።

ድንኳኑን የተከሉት እነዚያው ልጆች ናቸው። ልጆች ልበላቸው እንጂ አንዳንዱ ጢም አውጥቷል። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ እያንዳንዱ ገመድ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። የእንቁራሪቷ ዓይኖች በሩ ላይ ቆሙ። ሐበሻው ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ፤ ንፍሮውም መጣ። እኔ ሺፍት ቀይሬ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ስዘረጋ ነበር። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም።

ከዚያ የየሕንፃው በር መከፈት ጀመረ። ቱርካዊው ልብስ ሰፊ ሱቁን ዘግቶ ዳቦ ይዞ መጣ። ከምድር ቤት የምትኖረው ጃማይካዊት ሩዝ በድስት ይዛ፣ ልጆቿን አስከትላ መጣች። ከአራተኛው ፎቅ ስማቸውን የማላውቃቸው ባልና ሚስት መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ማንም አልጠራቸውም።

በመጨረሻ ሚስተር ሮይ ከማዶ ሣሩን አቋርጦ ሲመጣ አየሁት። ከረባቱ ጥቁር ነው። በሁለት እጁ በፎይል የተሸፈነ ሳህን ይዟል። አርጅቷል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ዜናውን አልሰማም ነበር፤ ድንኳኑን በመስኮት አይቶ ነው የመጣው። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፈቃድ አላነሳም።

«ማን ሞተ?» አለ።

ማክዳ ነገረችው። ጄይደን ሳህኑን ቶሎ ብሎ ተቀበለውና ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ዝናብ ጃንጥላዎቹ ላይ መውረድ ጀመረ፤ አንድም ሰው አልተነሳም።

እትዬ፣ በዚህኛው አልቀረሁም። ሊቀመንበሩም መጥቷል።